ብልጭታው የት ጠፋ?

በአሮጌ የስፖርት መኪና ውስጥ የኮረንቲን መንገድ ስለ ማደስ

«እንግሊዞች ቢራቸውን ሳያቀዘቅዙ የሚጠጡት ለምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ አሮጌ የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ያለው ሰው የሚሰጠው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው። «ማቀዝቀዣቸውን የሚሠራላቸው ሉካስ ስለ ሆነ ነዋ!» ይላል። ሉካስ የተባለው ድርጅት ጆሴፍ ሉካስ የሚባል የበርሚንግሃም ሰው በ19ኛው መቶ ዓመት ከፋኖስ ንግድ ተነሥቶ ያቋቋመው ሲሆን፥ በኋላ ጊዜ ለአብዛኞቹ የእንግሊዝ መኪናዎች መብራቱንም፥ ዲናሞውንም፥ ሞተሪኖውንም፥ የብልጭታውንም መሣሪያ ያቀርብ ነበር። መኪናቸው በሌሊት መንገድ ላይ የቆመችባቸው ሰዎች ታዲያ ለመሥራቹ «የጨለማው ልዑል» የሚል የማዕረግ ስም አወጡለት።

ቀልዱ እንደሚያስቅ አልክድም፤ ፍርዱ ግን ትክክል ነው ለማለት ያስቸግረኛል። አንድ ሽቦ ከ50 ዓመት በላይ ከሞተር ሙቀት፥ ከዘይት፥ ከውሃና ከንዝረት ጋራ ሲታገል ኖሮ ቢደክም የሠራውን ድርጅት መውቀስ፥ የ90 ዓመት ሽማግሌ ዓይኑ ስለ ፈዘዘ አዋላጁን እንደ መውቀስ ነው። ከዚህም በላይ በነዚያ ዓመታት ሁሉ መኪናዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፥ አንዱ ባለቤት ሬዲዮ፥ ሁለተኛው የሌባ መከላከያ፥ ሦስተኛው የጭጋግ መብራት ሲያስገባባት፥ እያንዳንዱ ካገኘው ሽቦ ላይ ቆርጦ እየቀጠለ በናስትሮ ጠቅልሎት ሄዷል። ብልጭታ ሲጠፋ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ዕቃ መደብር ነው። አዲስ ቦቢና፥ አዲስ ካንዴላ፥ አዲስ ፑንቲና ይገዛል፤ ገንዘቡም ያልቃል፤ መኪናዋም ያው ናት። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዕቃዎቹ መካከል በተዘረጋው መንገድ ላይ ነውና። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው መንገድ ነው።

ነገሩን በአንድ የታወቀች መኪና ላይ ብናየው ይቀላል። (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ኤም ጂ የሚሉት ሁለት ፊደላት «ሞሪስ ጋራዥስ» ከተባለው የኦክስፎርድ ጋራዥ ስም የመጡ ናቸው። ይኸው ድርጅት ከኦክስፎርድ አቅራቢያ በምትገኘው በአቢንግደን ከተማ ከ1962 እስከ 1980 ኤም ጂ ቢ የተባለችውን ባለሁለት ወንበር መኪና ሲሠራ፥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አወጣ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ ተጭነው ተሸጡ። ኤም ጂ ቢ እንደ ፌራሪ የባለጠጋ መጫወቻ አልነበረችም። አራት ሲሊንደር ያለው 1798 ሲሲ ሞተሯ የተወሰደው ከተራ የቤተሰብ መኪናዎች ሞተር ዘር ነው። ደመወዙን እየቆጠበ ያስቀመጠ ወጣት ጸሐፊ ወይም አስተማሪ ሊገዛት ይችል ስለ ነበር፥ ዛሬም በእንግሊዝና በአሜሪካ ብዙዎቹ የሚኖሩት ባለቤታቸው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በገዛ እጁ በሚጠግንባቸው ጠባብ ጋራዦች ውስጥ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላት አንድ ነገር ላንሣ። የኛ አገር መካኒክ የሚናገረው ቋንቋ ግማሹ ጣልያንኛ መሆኑ የታወቀ ነው። ካንዴላ፥ ቦቢና፥ ፑንቲና፥ ሞተሪኖ፥ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ ናስትሮ፥ ስታኞ የምንላቸው ሁሉ ከዚያው የመጡ ናቸው። የኮረንቲ መመለሻ የሆነውን የመኪናውን ብረት ደግሞ «ማሳ» ይሉታል፤ ይህም ከገበሬው ማሳ ጋራ ምንም ዝምድና የሌለው፥ «ማሳ» ከሚለው የጣልያን ቃል የተገኘ ነው። እኔም የእንግሊዝ መኪና በጣልያን ቃል በአማርኛ ማስረዳቴን አንባቢ አይታዘበኝ፤ ከነዚህ የተሻለ የሚታወቅ ቃል የለንም።

ብልጭታ እንዴት ይወለዳል?

ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ብቻ ነው። በካንዴላው ጫፍ ላይ ያለችውን ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰች ክፍተት፥ ያውም በታመቀ ቤንዚንና አየር መካከል፥ ዘልሎ ለማለፍ ግን ብዙ ሺህ ቮልት ያስፈልጋል። 12ቱን ወደ ሺዎች የሚለውጠው ቦቢና ነው። በውስጡ በአንድ የብረት እምብርት ዙሪያ ሁለት ሽቦዎች ተጠምጥመዋል። አንደኛው ወፍራም ሆኖ ጥቂት መቶ ዙር ብቻ ይዞራል፤ ሁለተኛው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሆኖ ብዙ ሺህ ዙር ይዞራል። በወፍራሙ ሽቦ ውስጥ ኮረንቲ ሲያልፍ እምብርቱ ማግኔት ይሆናል። ኮረንቲው በድንገት ሲቋረጥ የማግኔቱ ኃይል ባንድ ጊዜ ይፈርሳል፤ በመፍረሱም በቀጭኑ ሽቦ ውስጥ ከፍተኛ ቮልት ይነሣል። ማይክል ፋራዴይ በ1831 ያገኘው ሕግ ይኸው ነው፤ ማግኔት ሲለዋወጥ በአጠገቡ ባለው ሽቦ ውስጥ ኮረንቲ ይቀሰቅሳል።

ኮረንቲውን በትክክለኛው ቅጽበት የሚያቋርጠው ፑንቲናው ነው። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚሽከረከር ባለአራት ማዕዘን ዘንግ ፑንቲናውን እየገፋ ይከፍተዋል፤ በከፈተውም ቁጥር አንድ ብልጭታ ይወለዳል። የተወለደው ቮልት በወፍራሙ የጎማ ገመድ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን መካከል ይመጣና፥ በሚዞረው ጣት በኩል ተራው ለደረሰው ካንዴላ ይታደላል። በኤም ጂ ቢ ሞተር ተራው 1፥ 3፥ 4፥ 2 ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ለእያንዳንዱ ዙር ሁለት ብልጭታ ስለሚያስፈልገው በደቂቃ 6000፥ በሴኮንድ 100 ብልጭታ ማለት ነው። የሰው ዓይን አንድ ጊዜ ሲርገበገብ፥ ያቺ ትንሽ ፑንቲና ከ10 ጊዜ በላይ ተከፍታ ተዘግታለች።

ይህን በክፍል ውስጥ ሳስረዳ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ኮንዴንሰሩ ነው። ከፑንቲናው ጎን የተሰቀለችው ያቺ የጣት ጫፍ የምታህል ቆርቆሮ ምን ትሠራለች? ኮረንቲ በባሕርዩ መቋረጥ አይወድም፤ ፑንቲናው ሲከፈት በዚያው ክፍተት ላይ ዘልሎ ለመቀጠል ይታገላል። ኮንዴንሰሩ ያንን ግፊት ለቅጽበት ተቀብሎ ስለሚይዘው መቋረጡ ንጹሕ ይሆናል። ኮንዴንሰሩ ቢሞት ፑንቲናው በቶሎ ይቃጠላል፤ በካንዴላው ላይ የሚደርሰውም ብልጭታ ደካማና ቢጫ ይሆናል።

ይህን በባትሪና በቦቢና የሚሠራ ዘዴ ለመኪና ፋብሪካ ሥራ ያበቃው ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሲሆን፥ በ1910 ሞዴል ካዲላክ ላይ ገባ። ከዚያ በፊት ብዙ መኪናዎች ኮረንቲያቸውን ራሱ በሚያመነጭ ማግኔቶ ይሠሩ ነበር። ይኸው ሰው በ1912 ካዲላክ ላይ የኤሌክትሪክ ማስነሻ አስገብቶ ነጂውን በእጅ ከማዞር አሳረፈው። የኬተሪንግ ዘዴ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እስኪተካው ድረስ 60 ዓመት ያህል ዓለምን ገዝቷል። እንግዲህ አሮጌ የስፖርት መኪና የሚያድስ ሰው የሚነካው ይህንኑ የ1910 አሳብ ነው።

አንድ ኦም ምን ያህል ይጎዳል?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ደረስን። ኮረንቲው ከባትሪው ተነሥቶ በሞተሪኖው በኩል ወደ መክፈቻው ቁልፍ፥ ከቁልፉ ወደ ቦቢናው፥ ከቦቢናው ወደ ፑንቲናው፥ ከፑንቲናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ አካል፥ ከዚያ ወደ ሞተሩ፥ ከሞተሩ ወደ መኪናዋ ብረት፥ ከብረቱም ተመልሶ ወደ ባትሪው ይሄዳል። በዚህ ጉዞ ላይ ብዙ መጋጠሚያዎች አሉ። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ጥቂት ቢዝግ፥ ሁሉም ተደምረው አንድ ኦም የሚያህል እንቅፋት ማቆም አይከብዳቸውም።

አንድ ኦም ምን አላት? እንዲህ እናስላው። የዚህ ዓይነት ቦቢና እንቅፋት 3 ኦም ያህል ነው። 12 ቮልት ለ3 ሲካፈል 4 አምፔር ይሆናል። በመንገዱ ላይ አንድ ኦም ስትጨመር ግን 12 ለ4 ተካፍሎ 3 አምፔር ብቻ ይገኛል። «ሩቡ ብቻ ጠፋ» ብሎ የሚጽናና ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በቦቢናው ውስጥ የሚጠራቀመው ጉልበት የሚለካው ኮረንቲው በራሱ ተባዝቶ ነው። 4 በ4 አሥራ ስድስት፥ 3 በ3 ግን ዘጠኝ ነው፤ ከጉልበቱ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጠፍቷል ማለት ነው። በብርድ ጧት ደግሞ ሞተሪኖው ሲጎትተው የባትሪው ቮልት ወደ 10 ይወርዳል። 10 ለ4 ሁለት ተኩል፥ በራሱ ሲባዛ ከስድስት ጥቂት ይበልጣል። ከ16 እጅ 6 እጅ! ማታ ደኅና ስትሄድ ያመሸች መኪና ጧት አልነሣ የምትለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለቤቷም ባትሪው ደክሟል ብሎ አዲስ ባትሪ ይገዛል።

ስለዚህ አንድ ሽቦ ከመቁረጥ በፊት በቮልት መለኪያ መመርመር ይገባል። ፑንቲናው ተዘግቶ፥ ቁልፉ ተከፍቶ፥ የመለኪያውን አንዱን ጫፍ በባትሪው ሕያው ራስ ላይ፥ ሁለተኛውን ኮረንቲ በሚገባበት በቦቢናው ራስ ላይ ማድረግ ነው። በዚያ ሁሉ ሽቦ ላይ የሚጠፋው ቮልት ከግማሽ መብለጥ የለበትም። እንደዚሁም ከዲስትሪቢዩተሩ አካል እስከ ባትሪው ማሳ ራስ ድረስ ሲለካ፥ ከ0.2 ቮልት በላይ ከታየ መመለሻው ታሟል። ይህ ምርመራ የሚወስደው አምስት ደቂቃ ነው። በሽታው የት እንዳለ ይናገራል፤ መጋጠሚያ ለመጋጠሚያ እየተጠጉ ቢለኩ ደግሞ የትኛው እንደ ሆነ በጣት ያሳያል። ምርመራውን ሲጨርሱ ቁልፉን መዝጋት ነው፤ ፑንቲናው ተዘግቶ ቁልፉ ተከፍቶ ከቆየ ቦቢናው ይግላልና።

ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚረሱት መመለሻውን ነው። ኤም ጂ ቢ የተለየ ሻሲ የላትም፤ አካሏ ራሱ ሻሲዋ ነው፤ የኮረንቲውም መመለሻ ያው አካሏ ነው። እንግዲህ በዚህች መኪና ላይ ዝገት የቀለም ጉዳይ ብቻ መስሎ የታየው ሰው ተሳስቷል፤ የኤሌክትሪክ ጉዳይም ነው። ሞተሩ ደግሞ በጎማ ላይ ስለ ተቀመጠ ከአካሉ ጋራ የሚያገናኘው አንድ የተጎነጎነ የመዳብ ማሰሪያ ብቻ ነው። አንድ ሰው የማርሽ ሳጥኑን አውርዶ ሲመልስ ይህን ማሰሪያ ቢረሳው፥ የሞተሪኖው ከባድ ኮረንቲ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም የካርቡራተሩን ቀጭን የሽቦ መሳቢያ ነው። ቁልፉ ሲዞር ከክሩስኮቱ ሥር ጭስ የሚነሣባቸውና የቾኩ መሳቢያ እንደ ፍም የሚግልባቸው መኪናዎች ታሪክ የመጣው ከዚህ ነው። ማሰሪያውን ፈትቶ፥ የሚያርፍበትን ብረት እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፥ መልሶ አጥብቆ፥ ከላዩ ቅባት መቀባት ከማንኛውም አዲስ ቦቢና የበለጠ ጥቅም ይሰጣል።

ነጩ ሽቦ

የእንግሊዝ መኪናዎች አንድ ትልቅ ቸርነት አላቸው፤ ሽቦዎቻቸው በቀለም ይናገራሉ። ቡኒው ሁልጊዜ ከባትሪ ጋራ የተገናኘ ነው። ነጩ ቁልፉ ሲከፈት የሚነሣው የብልጭታ ሽቦ ነው። ነጭ ሆኖ ጥቁር መሥመር ያለው ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ይሄዳል። ነጭ ሆኖ ቀይ መሥመር ያለው ሞተሪኖውን ያዛል። አረንጓዴው ከቁልፉ በኋላ በፊውዝ ያለፈ ነው፤ ጥቁሩ ማሳ ነው። ይህን ያወቀ ሰው በኤም ጂ ቢም ሆነ በትራያምፍ ወይም በጃጓር ኮፈን ሥር እንግዳ አይሆንም።

ነገር ግን ቡኒውና ነጩ ሽቦ በኤም ጂ ቢ ውስጥ በፊውዝ አያልፉም። ፋብሪካው ይህን ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በደካማ ፊውዝ ምክንያት ሞተሩ በመንገድ መካከል እንዳይጠፋ ነው። ውጤቱ ግን ከባድ ነው። ነጩ ሽቦ ከሞተሩ ክፍል ወደ ጋቢና በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ያለችው የጎማ ቀለበት ደርቃ ከተሰነጠቀች፥ የቆርቆሮው ጠርዝ ሽፋኑን ቀስ በቀስ እየበላ መዳቡን ይነካል። ያን ጊዜ የባትሪው ኃይል በሙሉ በዚያች ነጥብ ይፈስሳል፤ የሚያቋርጠውም የለም። ሽቦው ቀይ ፍም ሆኖ አብረውት የታሰሩትን ሽቦዎች ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያቀልጣል። በዚያው ኮፈን ሥር ሁለት ካርቡራተሮች ቤንዚን ይዘው እንደሚገኙ ሲታሰብ፥ የሚጠፋው ብልጭታው ብቻ ላይሆን ነው። ስለዚህ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ቀለሟን ከማድነቁ በፊት ይህችን የጎማ ቀለበት በጣቱ ቢዳስሳት ይሻለዋል። እንደኔ አሳብ ሽቦውን የሚያድስ ሰው በመንገዱ መጀመሪያ ላይ አንድ ወፍራም ፊውዝ ቢጨምር ከፋብሪካው ሥራ መለየቱ የሚያስወቅሰው አይደለም። ነገሩን ሁሉ በቀድሞው መልኩ መጠበቅ አለብን የሚሉ ሰዎች ይቃወሙታል፤ እነርሱም የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ እሳት ግን ለታሪክ አይጨነቅም።

ወደ ሥራው ስንገባ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ከእጅ ይውጣ። በባትሪና በብረት መካከል የገባ የወርቅ ቀለበት በቅጽበት ይግላል፤ ጣትንም ያቃጥላል። ቀጥሎ ባትሪው ከማሳው በኩል ይፈታ። እስከ 1974 በተሠሩት ኤም ጂ ቢዎች ባትሪዎቹ ከወንበሮቹ በስተኋላ ከወለሉ በታች የተቀበሩ ባለ6 ቮልት ሁለት ባትሪዎች ናቸው፤ ስለ ተደበቁም ራሶቻቸው ሲዝጉ የሚያያቸው የለም። ከዚያም ምንም ነገር ሳይፈታ መጀመሪያ ፎቶግራፍ ማንሣትና እያንዳንዱ ሽቦ የሚነሣበትንና የሚያርፍበትን በወረቀት ላይ መሣል ነው። አሮጌውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ነቅሎ የሽቦ ክምር ይዞ የተቀመጠ ሰው እንደ ተበተነ ዳንቴል ነው የሚያየው፤ ጫፉ አይገኝም። አንዱን ነቅሎ አንዱን መተካት የዘገየ ይመስላል እንጂ ፈጣኑ መንገድ እርሱ ነው።

የሽቦውን ውፍረት መገመት አይገባም። ለብልጭታው መሥመር በተለምዶ የሚበቃው 28 ክር ያለው፥ እያንዳንዱ ክር 0.30 ሚሊሜትር የሆነ፥ በጠቅላላው 2 ካሬ ሚሊሜትር ያህል መዳብ ያለው ሽቦ ነው። 14 ክር ያለውም 4 አምፔሩን ይሸከማል፤ ነገር ግን ከላይ እንዳሰላነው እዚህ ቤት ትንሿ እንቅፋት ትቆጠራለችና በወፍራሙ መሥራት ይመረጣል። ቀለሙም የፋብሪካው ቀለም ይሁን። በነጩ ቦታ ቀይ ሽቦ የሚዘረጋ ሰው ሥራው ዛሬ ይሠራለታል፤ ነገር ግን ቀይ ሽቦ በእንግሊዝ መኪና የጎን መብራት ማለት ነውና ከ10 ዓመት በኋላ በዝናብ ቆሞ ለሚመረምር ሰው ውሸት ጽፎ መሄዱ ነው።

መጋጠሚያዎቹ ጥይት የሚመስሉ ትንንሽ የናስ ራሶች ሆነው በጎማ እጅጌ ውስጥ የሚገቡ ናቸው። በነዚያ እጅጌዎች ውስጥ ያለው ብረት ከ50 ዓመት በኋላ አረንጓዴ ይሆናል፤ እርሱንም በማጽዳት ከመድከም በአዲስ መለወጥ ይሻላል፤ ዋጋው ጥቂት ነው። ራሱን በሽቦው ላይ ለማጥበቅ ለዚሁ የተሠራ መጭመቂያ ፒንሳ አለ። ስታኞ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ ስታኞ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን በክሮቹ መካከል እየጠለቀ ሽቦውን እንደ በትር ስለሚያደርቀው፥ ንዝረት ባለበት ቦታ ከደረቀው ጫፍ ላይ ይሰበራል። ሁለት ሽቦ አጠማዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ግን ከጥገና አይቆጠርም።

አንድ ወጥመድ እዚህ ላይ ልጠቁም። በ1960ዎቹ አጋማሽና ከዚያ በኋላ በተሠሩት ብዙ ኤም ጂ ቢዎች የሞተሩን ዙር የሚያሳየው የክሩስኮት ሰዓት የሚቆጥረው፥ ወደ ቦቢናው የሚሄደው ነጭ ሽቦ በራሱ በሰዓቱ ውስጥ ዞሮ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ከሰዓቱ ጀርባ ያለ መጋጠሚያ ቢላቀቅ ሞተሩ ይጠፋል። ስንት ሰው ኮፈን ከፍቶ ሲፈልግ የዋለው ጥፋት እዚያ ከመሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ ይገኛል! ሞተሩ በድንገት ሲጠፋ የሰዓቱ መርፌ መንቀጥቀጡን ወይም ባንድ ጊዜ ወደ ዜሮ መውደቁን ማየት ጥሩ ምልክት ነው፤ ችግሩ በፑንቲናው ወገን ባለው ቀጭን መንገድ ላይ እንጂ በቤንዚኑ ላይ እንዳልሆነ ያመለክታል።

በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ

ክዳኑ ሲነሣ ሁለት አጫጭር ሽቦዎች ይታያሉ፤ እነዚህ ከመኪናዋ ሽቦዎች ሁሉ ትንሾቹ ሲሆኑ የሚደክሙት ግን ከሁሉ የበለጠ ነው። የሞተሩ ሸክም ሲቀል ብልጭታው ቀደም እንዲል ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳሕን በአየር መሳቢያው እየተሳበ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ሽቦዎቹም አብረው ሲታጠፉ ሲዘረጉ ይኖራሉ። ከብዙ ሺህ ጊዜ መታጠፍ በኋላ መዳቡ በሽፋኑ ውስጥ ይቆረጣል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ደኅና ነው። መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ምንም አይታይባትም፤ ነጂው ቤንዚን ሲረግጥ ሳሕኑ ይዞርና የተቆረጠው ይላቀቃል፤ ሞተሩም ይስላል። በጋራዥ ተመርምሮ ያልተገኘ፥ መንገድ ላይ ብቻ የሚመጣ ሕመም ሲኖር እነዚህን ሁለት ሽቦዎች በጣት ቀስ አድርጎ መሳብ ነው፤ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው። የሚተካው ሽቦ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ በጣም ለስላሳ ባለብዙ ክር መሆን አለበት።

ፑንቲናውን ሲመልሱ ደግሞ የሮንዴላዎቹ ተራ ወሳኝ ነው። የቦቢናው ሽቦና የኮንዴንሰሩ ሽቦ ጫፎች የፑንቲናውን መሳቢያ ብረት መንካት አለባቸው፤ የቆሙበትን ችንካር ግን መንካት የለባቸውም፤ ችንካሩ ማሳ ነውና። አንዲት የላስቲክ ሮንዴላ ከተረሳች ኮረንቲው ሳይቋረጥ ይፈስሳል፤ ብልጭታም ከናካቴው አይገኝም። ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር ይሁን። የሚዞረው ዘንግ ማዕዘኖች ላይ ጥቂት ቅባት ካልተደረገ የፑንቲናው ተረከዝ በቶሎ ይበላል፤ ክፍተቱም ይጠባል፤ ብልጭታውም ይዘገያል።

ስለ አዲስ ዕቃ ስናነሣ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አለ። ዛሬ ለአሮጌ መኪና ተብለው ከሚሸጡት ኮንዴንሰሮችና የዲስትሪቢዩተር ጣቶች መካከል ብዙዎቹ ከቀድሞዎቹ ያነሱ ናቸው። በጣቱ ላይ ያለው ችንካር ወደ ውስጥ ጠልቆ ከገባ ከፍተኛው ቮልት በላስቲኩ በኩል ሰንጥቆ ወደ ዘንጉ ይወርዳል። ስለዚህ የሚሠራ አሮጌ ዕቃ ስላረጀ ብቻ አይጣል፤ በመኪናዋ መሣቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

የማሳውን ወገን ማወቅም ያስፈልጋል። እስከ 1967 ድረስ የተሠሩት ኤም ጂ ቢዎች ማሳቸው ፖዚቲቭ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኔጋቲቭ ተለወጠ። ቦቢናው በየትኛውም ወገን ቢገናኝ ብልጭታ ይሰጣል፤ ግን የካንዴላው መካከለኛ ጫፍ ኔጋቲቭ ሲሆን ብልጭታው በቀላሉ ይዘላል፤ የጋለ ብረት ኤሌክትሮኖቹን በቀላሉ ይለቃልና። ሽቦዎቹ ተገልብጠው ከታሰሩ ሞተሩ ይሠራል፤ ቦቢናው ግን ለዚያው ሥራ የበለጠ ቮልት ማውጣት ይገደዳል።

ፑንቲናውን ጥሎ በክዳኑ ሥር የሚደበቅ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ማስገባት ዛሬ የተለመደ ነው። እኔ አልቃወመውም፤ ተረከዝ የለውም፤ አይበላም፤ በየጊዜው መስተካከልም አይፈልግም። ነገር ግን በታመመ ሽቦ ላይ የሚያስገባው ሰው ትርፍ አያገኝም። ፑንቲና በ9 ቮልትም እያነከሰ ይሠራል፤ ኤሌክትሮኒኩ ቮልቱ ሲወርድ ግራ ይገባዋል። ባትሪ በተሳሳተ ወገን ከታሰረበት ወይም ሞተሩ ቆሞ ቁልፉ ተከፍቶ ከዋለ ደግሞ ሳይናገር ይሞታል፤ የሞተ ፑንቲና በመንገድ ዳር በሞረድ ይጠገናል፤ የሞተ ኤሌክትሮኒክ ግን አይጠገንም። መጀመሪያ መንገዱ ይታደስ፤ ከዚያ ወዲያ ምርጫው የባለቤቱ ነው።

ሽቦው ሁሉ ከታሰረ በኋላ የብልጭታው ሰዓት ይስተካከላል። ለዚህ አንዲት የ12 ቮልት ትንሽ አምፑል ትበቃለች። አንዱ ጫፏ ከቦቢናው በሚመጣው የዲስትሪቢዩተር ሽቦ ላይ፥ ሌላው በማሳ ላይ ይታሰራል። የካንዴላዎቹ ገመዶች በቦታቸው እንዳሉ ቁልፉ ይከፈትና ሞተሩ በእጅ ቀስ እየተባለ ይዞራል። ብዙዎቹ የመጀመሪያ ኤም ጂ ቢዎች የሚፈልጉት አንደኛው ፒስቶን ጫፍ ከመድረሱ 10 ዲግሪ ሲቀረው ነው። በዚያ ምልክት ላይ አምፑሏ እንድትበራ ዲስትሪቢዩተሩን ማዞርና ብሎኑን ማጥበቅ ነው። ፑንቲናው ሲዘጋ አምፑሏ ትጠፋለች፤ ሲከፈት ትበራለች። ፑንቲናው ተዘግቶም ፈዘዝ ብላ ከቀረች፥ ማሳው ገና አልተስተካከለም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የዲስትሪቢዩተሩን ሳሕን ማየት ያስፈልጋል።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በጨለማ ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ጠቃሚ ነው። በወፍራሞቹ ገመዶች ላይ ሰማያዊ የብርሃን ክር ሲሮጥ ከታየ ሽፋናቸው አርጅቷል፤ በእጅ ግን አይነኩ። ከዚያም የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከተነዱ በኋላ የፑንቲናው ክፍተት እንደ ገና ይለካል፤ አዲሱ ተረከዝ ቦታውን ሲይዝ ጥቂት ይበላልና ክፍተቱ ጠብቦ ይገኛል። ክፍተቱ ሲስተካከል ሰዓቱም አብሮ ስለሚለወጥ፥ አምፑሏን አንድ ጊዜ ደግሞ ማሰር ነው።